በክርን የሚለካ ውሃ

የማስታምማቸው አሮጊት ልጅ ሳሉ የዋኙበትን ውሃ ሳላይ አልሞትም ብለው ልጃቸውን ሲጨቀጭቁ ከረሙ። ባለፈው ዐርብ እሺ አላቸው። ከምሠራበት የዐረብ አገር ከተማ ከአማን ወጥተን ወደ ምሥራቅ፣ ጥቁር ድንጋይና አቧራ ብቻ በሚታይበት በረሃ ረጅም መንገድ ከተጓዝን በኋላ ደረስን። ድሮ ዐይን የማይዘልቀው ረግረግ ነበር ይላሉ። ከተሞቹ ውሃውን በቧንቧ ስበው ስበው አደረቁት። ዛሬ የቀረችው በሸምበቆ የተከበበች ኩሬ ናት፤ እሷም ብትሆን በሰው ጥበቃ ነው የምትኖረው።

ተሽከርካሪ ወንበራቸውን በእንጨቱ ድልድይ ላይ እየገፋሁ ሳለ አሮጊቷ ወደ ታች ጠቆሙኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የትንሿን ጣት ግማሽ የሚያህሉ ዓሣዎች በሸምበቆው ሥር ይርመሰመሳሉ። ጠባቂው ሰውዬ ቀረብ አለና እነዚህ ዓሣዎች ከዚህ ውሃ በቀር በዓለም ላይ የትም እንደሌሉ፣ አልቀዋል ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ጥቂት ተገኝተው በሰው እጅ እንደተባዙ፣ እንደገናም ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ ነገረን። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ምን ሆንሽ ልጄ? አመመሽ?» አሉኝ አሮጊቷ።

«ደኅና ነኝ። የአገሬን ዓሣ አስታወሰኝ።»

«ባሕር አላችሁ እንዴ?»

ባሕር የለንም። የነበረን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነው።

አዲስ አበባ፣ ጎፋ ነበር የምንኖረው፣ እናቴና እኔ። ዓመቱን በትክክል አልጽፍም፤ የማላረጋግጠውን ጽፌ ውሸት እንዳይሆንብኝ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔም ማትሪክ ወስጄ ውጤት እስኪመጣ ቤት የተቀመጥኩበት ክረምት ነው። ግቢያችን ጠባብ ናት። ከቤቱ ጀርባ አባቴ ከመሞቱ በፊት ያሠራው የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ነፋሱ ከቄራ በኩል ሲመጣ የሚያመጣውን ሽታ የጎፋ ሰው ያውቀዋል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ሽታው ይሞትና እርጥብ አፈርና ጎረቤት የሚጠበስ የበቆሎ እሸት ብቻ ይሸታል። ያን ክረምት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የበቆሎው ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የላምባው።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ከከሰል ጆንያዎች መካከል በማዳበሪያ የተሸፈኑ በርሜሎች ይታያሉ፤ ከበርሜሎቹ መካከል ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ ደምሴ፣ ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። መንግሥት መሥሪያ ቤት የዓሣ ባለሙያ ነበር። ዓሣ በሌለበት አገር የዓሣ ባለሙያ እያልን የምንስቅበት ሰው ነው፤ ሚስት አላገባ፣ ቤት አልሠራ፤ ዕድሜውን በበረሃ ውሃ ዳር ነው የጨረሰው።

«እትዬ፣ እንግዳ አምጥቼልሻለሁ» አላት እናቴን።

«ስንት ናቸው? ምሳ ልጨምር?»

«ምሳ አይበሉም።»

ማዳበሪያውን ሲገልጠው እናቴ አዘንብላ አየች። «ይኼማ ትል ነው፣ ደምሴ!»

ትል አልነበሩም። አፋር በረሃ ውስጥ፣ ከድንጋይ ሥር ለብ ብሎ የሚፈልቅ አንድ ምንጭ ነበር። ግመሎች ይጠጡበታል። በዚያ ውሃ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ፣ ጣት የማያህሉ፣ አሸዋ መሳይ ዓሣዎች ነበሩ። ከምንጩ በላይ አንድ የጥጥ እርሻ የውሃ መሳቢያ ሞተር ተከለ። ጋሼ በሄደ ቁጥር ምንጩ ያንሳል። መጨረሻ ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የምታህል ውሃ ስትቀር፣ በውስጧ የቀሩትን በወንፊት አውጥቶ ይዟቸው መጣ። መሥሪያ ቤቱ አልተቀበለውም።

«አለቃዬ ምን አለኝ መሰለሽ፣ እትዬ? ‹ይበላል?› አለኝ። አይበላም አልኩት። ‹ይሸጣል?› አይሸጥም። ‹ታዲያ ምን ይሠራል?›»

«ምን አልከው?»

«ይኖራል አልኩት።»

እናቴ ሳቀች፤ ልብስ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳፋ ማጠብ ሆነ። ገንዳው የእነሱ ሆነ።

ትልቁ ጠላታቸው ብርድ ነበር። የሞቀ ውሃ ልጆች ናቸው፤ የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ የሰውንም አጥንት ይሰብራል። ገንዳውን በገለባና በማዳበሪያ ጠቀለልነው። መብራት በየጊዜው ይጠፋልና ጋሼ ሌላ መላ ፈጠረ፦ የአረቄ ጠርሙሶች የፈላ ውሃ ሞልተን፣ በቡሽ ግጥም አድርገን ገንዳው ውስጥ እናጋድማቸዋለን፤ ሲበርዱ እናወጣና እንደገና እንሞላለን። ሙቀቱን የምትለካው እናቴ ነበረች። እጀታዋን ጠቅልላ ክርኗን ትነክራለች፤ ሕፃን ከመታጠቡ በፊት እናቶች እንደሚያደርጉት።

«እጅ ሥራ ለምዷል፣ ይዋሻል። ክርን አይዋሽም» ትለኝ ነበር። እኔንም አስተማረችኝ። እስከ ዛሬ አሮጊቷን ሳጥብ እንደዚያው ነኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ማርታ የአርባ ምንጭ ሰው ናት፣ ጴንጤ። መጀመሪያ ቀን ገንዳውን አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀችና እናቴን እንዲህ አለቻት። «የሺዬ፣ ይህን አርባ ምንጭ ወስደሽ ዓሣ ነው ብትያቸው ይወግሩሻል!» ግን በየቀኑ መምጣት አልተወችም። ከእናቴ ጋር ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ። «እናንተ ውሃ ታመልካላችሁ» ትላታለች። «እናንተ ደግሞ ጩኸት» ትላታለች እናቴ። ከዚያ አብረው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

እኔ ዓሣዎቹን መውደዴን ያወቅሁት ወንዶቹ ሲቆጡ ካየሁ በኋላ ነው። ያ አሸዋ የመሰለ ገላ ድንገት ከጉንጩ በታች ሰማያዊ ይሆናል። ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ለመናገር ሞክሬ አልቻልኩም። መስከረም ማለዳ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትበረታ፣ ወደ እንጦጦ በኩል እንደሚታየው ሰማይ ነው ልበል? እሱም አይደለም።

እናቴን የያዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንዷ ሴት ምግብ መብላት ተወች። አገጯ አብጧል፣ አፏን አትከፍትም። እናቴ ታመመችብኝ ብላ ጋሼን ጠራችው።

«አልታመመችም። ዕንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው። ልጆቿ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ ድረስ አትበላም» አላት።

«አትበላም? ምንም?»

«ምንም።»

እናቴ ወደ ገንዳው ጎንበስ ብላ አየቻትና፣ «ፍልሰታን ከእኛ ቀድማ ያዘችው በለኛ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ትል ብላ አታውቅም። «ጾመኛዋ እንዴት አደረች?» ነበር የምትለኝ። ጋሼም የዚያን ቀን ነው በግልጽ የነገረን፦ ይህች ከተረፈች፣ ልጆቿን አፏ ውስጥ አድርሳ ከተፋቻቸው፣ ዘሩ ይቀጥላል፤ ካልተረፈች ያበቃል።

ፍልሰታ ሲገባ የገንዳው ውሃ መበላሸት ጀመረ። ጋሼ የምንጩን ውሃ ሊያመጣ፣ የእርሻውንም ሰዎች ለጥቂት ጊዜ እንኳ ሞተሩን እንዲያጠፉ ሊለምን ጄሪካኖቹን ሰብስቦ ተነሣ። በር ላይ ቆሞ አዘዘን። የቧንቧ ውሃ አይነካቸው፤ በረኪና አለበት። የጣሪያ ውሃም አይሆንም፤ ቆርቆሮው ዝጓል።

«ቶሎ እመለሳለሁ። በጣም የግድ ከሆነ ግን ከምድር የወጣ ውሃ ፈልጉ። ምንጭ እንጂ ሌላ እንዳትጨምሩ» አለን።

ቶሎ አልተመለሰም። በታች በኩል ጎርፍ መንገድ ቆርጧል የሚል ወሬ ከሾፌሮች ሰማን። ስልክ ያለው ሱቅ ቤት ነው፤ የሚደውልልን ግን የለም። ዝናቡ አያባራም። እናቴ በየቀኑ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፣ እኔ ከገንዳው አልለይም። ጠዋት ስነሣ አንድ ዓሣ በጀርባው ተንሳፍፎ አገኛለሁ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ከጤና አዳሙ ሥር እቀብራቸው ነበር። የቀሩት ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ፤ ጾመኛዋ ብቻ ጥግ ይዛ፣ አፏን ገጥማ፣ ክንፏን እያራገበች ትቆማለች። የዘወትር ጸሎቴን እዚያው ቆሜ አደርስ ነበር። ለዓሣ መጸለይ ይገባል አይገባም ብዬ ተጨንቄአለሁ፤ ግን ቄሱ አንድ ጊዜ እግዚአብሔር የሚራራው ለሰው ብቻ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በዚያ ተጽናናሁ። መልስ ግን አልመጣም። በዚያ ዕድሜዬ ጸሎት መልስ ሳይመጣለት ሲቀር የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ቀን ላምባ አልቆብን ማደያ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ጄሪካን ከጄሪካን በገመድ ታስሮ ተራ ይጠብቃል። መሐል ላይ በረዶ መጣ። ላምባውን ይዤ፣ ጫማዬ ጭቃ ተሞልቶ፣ ውይይት ታክሲዎቹ ሞልተው እያለፉኝ በእግሬ ተመለስኩ። ግቢ ስገባ እናቴ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ነጠላዋ እርጥብ ነው፤ እግሯ ሥር ሁለት ባዶ ጄሪካን ተጋድሟል። ፊቷ ላይ ከሰነበተው ጭንቀት አንዱም የለም። በርቶ ነበር።

«አገኘሁ፣ ጽጌ! ከምድር የወጣ ውሃ አላለም? እኔ ሞኟ ስንት ቀን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ሳስቀድስ!»

ጠበል ነበር። ከላፍቶ በኩል፣ ከገደሉ ሥር የሚፈልቀውን ጠበል፣ ጾሟን እንዳለች፣ በዚያ ጭቃ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ አመጣችው።

«አሙቀሽዋል?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ውሃውን፣ እማዬ! በክርንሽ ለክተሻል?»

«ጠበል ላይ እሳት? አብደሻል አንቺ ልጅ? ጠበል በክርን አይለካም!»

ይህ በቤታችን ሕግ ነበር። ጠበል እሳት አይነካውም፤ ከሌላ ውሃ እኩል ድስት ውስጥ አይገባም። እናቴ ስታምን ከልቧ ነው። ድውይ የሚያድን ውሃ ዓሣ ይጎዳል ብላ ማሰብ ከየት ይመጣላታል?

ወደ ገንዳው አየሁ። በረዶ በዘነበበት ቀን የተቀዳ የገደል ውሃ ነው። ዓሣዎቹ በጎናቸው ተኝተዋል። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል። ክርኔን ስነክር ብርዱ እስከ ትከሻዬ ዘለቀኝ። ስጮህ ራሴን አልሰማሁትም፤ እትዬ ማርታ ግን ሰምታ፣ ለሻይ የጣደችውን ማንቆርቆሪያ በእጇ እንደያዘች ሮጣ መጣች።

ጄሪካኖቹን አየች፤ ገባት። ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር፣ ያ ሁሉ ዘመን ሲጎነታተሉበት የኖሩበት ነገር መሬት ላይ ተጋድሞላታል። እናቴም ይህንኑ የጠበቀች ይመስለኛል፤ አንገቷን ደፋች።

«የሺዬ፣ ጠበሉ አይደለም። በርዷቸው ነው። በረሃ ያደጉ ናቸው» አለቻት ማርታ። «ተነሺ፣ ጠርሙስ ሙዪ። ጽጌ፣ ቡታጋዙን!»

እስኪመሽ ጠርሙስ ስንሞላ፣ ስናወጣ፣ ስንሞላ ዋልን። የማርታ ልብስ ሁሉ ውሃ ሆነ፤ እጇ ተቃጥሎ ቆዳው ተልጧል፤ በለሆሳስ በራሷ ቋንቋ ትጸልያለች። እናቴ በግዕዝ። ውሃው ሞቀ፤ ክርኔ ልክ ነው አለኝ። ዓሣዎቹ ግን አንድ በአንድ መንቀጥቀጣቸውን አቆሙ። ያ ሰማያዊ ከሞቱ በኋላ ይጠፋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አመድ ሆኑ።

የተነሣችው ጾመኛዋ ብቻ ናት። ቀስ ብላ ተቃናች፣ ክንፏን አራገበች። ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ምንም አልቀረው። ከዚያ አፏ ክፍት መሆኑን አየሁ። ገንዳው ወለል ላይ፣ ከሲሚንቶው ጋር ተጣብቀው፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች ተበትነዋል። በብርዱ ደንግጣ ተፍታቸዋለች። ጎንበስ ብዬ በማንኪያ ልሰበስብላት ሞከርኩ። ወደ አፏ መልሼ ላስገባላት እንዴት እችላለሁ?

ጋሼ የመጣው ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ነው። አንድ ትልቅ ሐብሐብ አቅፎ ነበር፤ ለምን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጄሪካኖቹ መሬት ሲያርፉ የባዶ ዕቃ ድምፅ ሰጡ።

«ውሃውስ?» አለችው እናቴ።

«የለም። ደርቋል። የግመል ዱካ ነው ያለው፣ ጭቃው ላይ። ሞተሩን እንኳ ነቅለው ሌላ ቦታ ወስደውታል፤ ለእነሱም አልበቃም።» ከዚያ ወደ ገንዳው ሄደ። ብዙ ቆየ። «ሌሎቹ የት አሉ?»

«ጠበል ጨመርኩባቸው» አለች እናቴ። «ሳላሞቅ።»

«ጠበል!» አለና ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከሰው አፍ ሲወጣ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። እናቴ ተሸብራ ወደ ኋላ አለች። እሱ ግን የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐብሐቡ ተንከባሎ ጤና አዳሙ ሥር ሄዶ ቆመ። እጁን ከፊቱ ሳያነሣ፣ «እትዬ፣ ከምድር የወጣ ውሃ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አላት። «ሌላ ከምድር የሚወጣ ውሃ ጎፋ ውስጥ ከየት ታመጪ ነበር?»

እናቴ አላለቀሰችም፣ አልተጽናናችም። ያን ሰሞን ምግብ ሲቀርብላት እጇን ታጥባ ትቀመጥና ሳትቀምስ ትነሣለች። ጾም ተፈትቶ ነበር፤ እሷ ግን አልፈታችም።

ገንዳው እንደገና መበላሸቱ አልቀረም። አንዲቱ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት፣ አየር መጉረስ ጀመረች። አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ሳትነግረኝ ወጥታ፣ ያንኑ ጄሪካን አዝላ ተመለሰች። ቡታጋዙን ግቢ አወጣች። ትልቁን ድስት ጣደች። ጠበሉን ገለበጠችበት።

«እማዬ!» አልኳት። እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

«ንስሐውን እኔ እገባለሁ። አንቺ ክብሪቱን ጫሪ።»

ክብሪቱን ጭሬ ለኮስኩ። ድስቱ ላይ ጭስ መሰል እንፋሎት መውጣት ሲጀምር አማተበች፣ እጀታዋን ጠቅልላ ክርኗን ነከረች። ጠበቀች። እንደገና ነከረች። ከዚያ በጣሳ እየቀዳች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ሕፃን ጭንቅላት ላይ እንደሚፈስስ አድርጋ በገንዳው ጠርዝ አፈሰሰችው። ጾመኛዋ ሸሸች፣ ቆመች፣ ከዚያ መጥታ የእናቴን ክርን ነካ ነካ አደረገችው። እናቴ ክርኗን አላወጣችም። ቀዝቅዞ ትከሻዋ እስኪደነዝዝ እንደዚያ ጎንበስ ብላ ቆየች። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

ጾመኛዋ በሙቅ ጠበል አደይ እስኪያብብ ኖረች፤ መስቀልንም አለፈች። ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ሲመጣ፣ እናቴን ክርኗ ልክ ነው ባላት ውሃ ውስጥ ሞታ አገኘናት። ብቻዋን መኖሩ ሰልችቷት ይሆን? አላውቅም። ጋሼ ሲያሞቋት ከኖሩት የአረቄ ጠርሙሶች በአንዱ ውስጥ፣ አልኮል ጨምሮ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰዳት። ቢያንስ እንደነበረች ይታወቅ ብሎ ነው። ጠርሙሱ ዛሬ የት እንዳለ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ገንዳውን እናቴ ከዚያ በኋላ ልብስ አላጠበችበትም።

አሁን ጋሼ የለም። እናቴም በየዓመቱ ፍልሰታን ከሌላው ሰው ቀድማ እየያዘች፣ የተቆጠረላትን የንስሐ ስግደት ጨርሳ፣ ያልተቆጠረላትንም ጨምራ፣ ዐረፈች። እትዬ ማርታ አገሯ ገብታለች፤ ትኑር አትኑር አልሰማሁም። ከሌለች ያን ሰማያዊ ያየ በምድር ላይ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ ማለት ነው። እኔም እሱን የምናገርበት ቃል የለኝም። ይህ ሲገባኝ ነው እንባዬ የመጣው፣ እዚያ ድልድይ ላይ። የእነዚህ ሰዎች ዓሣ ተርፏል፤ ደስ ይበላቸው፣ እግዚአብሔር ያቆይላቸው። እኛም እኮ ሞክረናል። ጠርሙስ ሞልተናል።

ልንመለስ ስንል ከአጥሩ ውጪ፣ ከኩሬዋ የሚወጣ ቀጭን ውሃ አየሁ። ኩሬውን መንካት ክልክል ነው፤ ይህኛው ግን አልተከለከለም፣ ጠባቂውንም ጠይቄዋለሁ። የአሮጊቷን ወንበር ፍሬን አስያዝኩ። እጀታዬን ጠቀለልኩና ተንበርክኬ ክርኔን ነከርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ።

«ልኩን እያየሁ ነው።»

«እና? ልክ ነው?»

ጠበቅሁ። ክርን አይዋሽም።

«ለእነዚህ ልክ ነው» አልኳቸው። «ለእኛዎቹ ይበርዳል።»